ቢጫው ገመድ

የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ያለው ፕሌስቴሽን ቤት አዲስ ኮንሶል ገባለት። ፕሌስቴሽን ቤት የምለው በልማድ ነው፤ ውስጡ የየትኛውም ኩባንያ ዕቃ ይኑር፣ ስሙ ያው ነው። ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ሁለት ባለ 21 ኢንች ወፍራም ቲቪ፣ ሁለት አሮጌ ኮንሶል፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር። በጨዋታ 2 ብር። የተሸነፈ ይነሳል።

አዲሱን ኮንሶል ያመጣችው የባለቤቱ እህት ናት። ዱባይ ሰው ቤት እየሠራች ካጠራቀመችው ላይ ገዝታ፣ ለእረፍት ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛው መጣች። እሱም ከሁለቱ አሮጌዎች አንዱን ሸጦ ቦታ አስለቀቀለት፤ የአዲሱንም ሂሳብ 4 ብር አደረገው። የመጀመሪያው ቀን ሰልፉ ከበር አልፎ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ልጆቹ ወደ ቀረው አሮጌ ኮንሶል መመለስ ጀመሩ። ምክንያቱ ያስቃል። አዲሱ ላይ ያለው የእግር ኳስ ጌም ሣሩ ያምራል፣ የተጫዋቹ ፊት ሳይቀር ይለያል፤ ሰዓቱ፣ ውጤቱና ኳስ የያዘው ልጅ ስም ግን አይነበብም። አሰላለፍ ለመቀየር አፍንጫህን ስክሪኑ ላይ መለጠፍ ነበረብህ።

ባለቤቱ እኔን ጠራኝ። የተበላሸ ሬዲዮና ሪሞት ስለምነካካ "ኢንጂነሩ" ይለኝ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። የማላውቃቸው ቃላት ተደርድረዋል፦ ኤችዲኤምአይ፣ ኮምፖነንት፣ ኮምፖዚት። ከላይ ያለው ጥሩ መሆን አለበት ብዬ ኤችዲኤምአይ የሚለውን መረጥኩ። ቲቪው ጥቁር አለ። ማጥፊያውን ተጭኜ ስቆይ ምስሉ ተመለሰ፤ እኔ ግን በላብ ተጠምቄ ነበር። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ፍርዴን ሰጠሁ፦ "ይሄ ዕቃ ችግር አለበት።"

ከወር በኋላ በደላላ ሸጠው። በኪሳራ።

ዛሬ ወረቀት ያለኝ ኢንጂነር ነኝ፤ እንጀራዬም ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ዕቃው ምንም እንዳልነበረበትም አውቃለሁ። ያን ቀን ያየሁት ጭጋግ ምን እንደነበረ ለማወቅ ብዬ የቆፈርኩት ታሪክ፣ ከጠበቅኩት በላይ ሰፊና አስቂኝ ሆኖ አገኘሁት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከወፍራሙ ቲቪ እንጀምር። እኛ አገር የነበረው የአናሎግ ሥርዓት ፓል ይባላል። ምስሉን በ625 መስመር ይስላል፤ ዓይናችን የሚደርሰው 576ቱ ነው። አሜሪካና ጃፓን የነበረው ኤንቲኤስሲ ደግሞ 525 መስመር ሆኖ፣ የሚታየው 480 ገደማ ነው። ሁለቱም መስመሮቹን በአንዴ አይስሏቸውም። መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን እያሉ ይወርዳሉ፤ ከዚያ ተመልሰው 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን። ከቁጥር ኋላ የምታዩት "አይ" ይህን ዓይነቱን በየተራ የሚሣል ምስል ያመለክታል። "ፒ" ደግሞ ሁሉንም መስመር በአንድ ጉዞ የሚሥለውን።

ቀጥሎ ገመዱ። ሪሲቨር ያለው ቤት ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ። ቀይና ነጩ ድምፅ ናቸው፤ ምስሉን በሙሉ የሚሸከመው ቢጫው ብቻውን ነው። ቀለም በቲቪ ላይ የተጨመረው ጥቁርና ነጭ ቲቪ በየቤቱ ከገባ በኋላ ስለሆነ፣ መሐንዲሶቹ አሮጌዎቹን ቲቪዎች ላለመጣል ቀለሙን በዚያው በነበረው የብርሃን ሲግናል ላይ ደረቡት። ቢጫው ገመድ ውስጥ ሁለቱ ተደባልቀው ይጓዛሉ፤ ቲቪው መልሶ ሲለያያቸው ጥቃቅን ነገር ይጠፋል። ሣርና ፊት ይተርፋል። ቀጭን ፊደል አይተርፍም።

በአሮጌው ኮንሶል ላይ ፊደሉ ይነበብ የነበረው ታዲያ ለምንድነው? ገመዱም ቲቪውም ያው ናቸው እኮ። መልሱ ቀላል ነው፤ የዚያ ዘመን ጌም ሠሪዎች ዓለም ሁሉ ወፍራም ቲቪ እንደሚያይ ያውቁ ነበር። ፊደሉን ትልቅና ደንዳና አድርገው ይሥሉት ነበር።

ኤችዲ የሚባለው ነገር የጌም ፈጠራ አይደለም። የጃፓኑ ብሔራዊ ጣቢያ ኤንኤችኬ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲመራመርበት ቆይቷል። አሜሪካ በ1990ዎቹ የዲጂታል ቲቪ ደረጃዋን ስታጸድቅ ግን አንድ ኤችዲ ላይ መስማማት አልተቻለም፤ 720ፒም 1080አይም ገቡ። ኤቢሲና ፎክስ የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሲቢኤስና ኤንቢሲ ሁለተኛውን። 720ፒ ማለት 1280 በ720፣ በድምሩ 921,600 ፒክሰል ነው። 1080አይ 1920 በ1080 ቢሆንም ግማሽ ግማሹን በየተራ ነው የሚልከው። ይህ ስምምነት የጎደለው ጋብቻ ከዓመታት በኋላ ኮንሶሎቹ ላይ ዳፋው ይመጣል።

ከኤችዲ በፊት የነበሩት ሙከራዎች ያሳዝኑኛል፤ ብዙዎቹ ተገቢውን ክብር ሳያገኙ ነው የቀሩት። የሴጋ ድሪምካስት በ1998 ጃፓን ላይ ሲወጣ በተጨማሪ ዕቃ ከኮምፒውተር ሞኒተር ጋር መገናኘት ይችል ነበር፤ 640 በ480፣ ሙሉ በሙሉ ጥርት ያለ። ኔንቲዶ በ2001 ያወጣው ጌምኪዩብ ከኋላው ለዚሁ የሚሆን ዲጂታል ቀዳዳ ነበረው፤ የተጠቀመበት ሰው ጥቂት ስለነበር ኩባንያው ኋላ ባመረታቸው ላይ ቀዳዳውን ደፈነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው ኤክስቦክስ 720ፒንም 1080አይንም ይደግፋል፤ ያንን የተጠቀሙ ጌሞች ግን ጥቂት ናቸው። ለአውሮፓ በተሸጠው ላይ ደግሞ ምርጫው ጭራሽ አልነበረም። ዕቃው ውስጥ ያለ ችሎታ፣ በሚሸጥበት አገር ምክንያት ተቆልፎ።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግራን ቱሪዝሞ 4 ነው። በ2004 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ በፕሌይስቴሽን 2 ላይ 1080አይ የሚል ምርጫ አለው። ቀልድ ይመስላል። የዚያ ኮንሶል የግራፊክስ ቺፕ በውስጡ ያለው ሜሞሪ 4 ሜጋባይት ነው። አንድ ሙሉ 1920 በ1080 ምስል በፒክሰል 4 ባይት ቢቆጠር ወደ 8 ሜጋባይት ይጠጋል፤ ማለትም ካለው ሜሞሪ እጥፍ ገደማ። ስለዚህ ጌሙ ከዚያ በጣም ያነሰ ምስል ይሥልና ወደ 1080አይ ተለጥጦ ይወጣል። ቲቪው "1080አይ" ብሎ ይጽፋል። ቲቪው አልዋሸም፤ የተላከለትን ነው የጻፈው። ይህን ልብ በሉልኝ፦ ከኮንሶሉ የሚወጣው ቁጥርና ኮንሶሉ ውስጥ የሚሣለው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ከዚያ 2005 መጣ። ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ 360ን ሲያስተዋውቅ የኤችዲ ዘመን ገባ ብሎ አወጀ፤ ጌም ሠሪዎችንም ሁሉ ቢያንስ በ720ፒ ሥሩ አላቸው። አስቂኙ ነገር ዕቃው ራሱ ኅዳር 2005 ሲወጣ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አልነበረውም፤ እሱ የመጣው በ2007 ኤሊት ከሚባለው ጋር ነው። በውዱ ፓኬጅ ውስጥ ግን ኮምፖነንት ገመድ ነበር፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። አረንጓዴው ብርሃኑን ለብቻው ይሸከማል፤ ሁለቱ ቀለሙን። በርካሹ ፓኬጅ ውስጥ የነበረው ማን ይመስላችኋል? ቢጫው ወዳጃችን።

አሁን ወደ ነጥቤ ልምጣ። ነሐሴ 2006 ላይ ካፕኮም ዴድ ራይዚንግ የሚባል ጌም አወጣ። ዞምቢ የወረረው የገበያ ማዕከል ውስጥ የገባ ፎቶ ጋዜጠኛ ነህ፤ 72 ሰዓት አለህ። ኦቲስ የሚባል የጽዳት ሠራተኛ በሬዲዮ እየደወለ የት ሄደህ ማንን ማዳን እንዳለብህ ይነግርሃል። በድምፅ አይደለም፤ በጽሑፍ። ሰዓቱ ደግሞ አይጠብቅህም። ያንን መልእክት ካላነበብክ የሚድነው ሰው ይሞታል።

ጽሑፉ በአሮጌ ቲቪ ላይ አይነበብም ነበር።

በ2006 አሜሪካ ውስጥ እንኳ ከግማሽ በላይ የሆነው ቤት ገና ኤችዲ ቲቪ አልነበረውም። ሰዎች አዲስ ጌም በሙሉ ዋጋ ገዝተው ቤታቸው ገቡና የጉንዳን እግር የሚያክል ጽሑፍ ገጠማቸው። ቅሬታው በረታ፤ ጌሙ ከታወቀባቸው ነገሮች አንዱ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነሳል። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ የሳቅኩት ለብቻዬ ነው። አፍንጫቸውን ስክሪን ላይ የለጠፉት የኛ ሰፈር ልጆች ብቻ አልነበሩም ለካ! ኦሃዮ ያለው ልጅም ለጥፏል።

ምን እንደተፈጠረ ለማየት ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። 720 መስመር ላይ 16 መስመር ቁመት ያለው ፊደል አለ እንበል። ያንን ምስል ወደ 480 ስታወርደው ፊደሉ አሥር ከምናምን ይሆናል። በየተራ በሚሣሉ መስመሮች ላይ ይርገበገባል፤ ቢጫው ገመድ ውስጥ አልፎ ሲመጣ ደግሞ ጠርዙ ይቀልጣል። ፊደሉን የመረጠው ሰው ፊት ለፊት ያለው ኤችዲ ስክሪን ነው፤ ለእሱ ጥርት ብሎ ይታያል።

መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈርድም። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ለአንድ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። እኔ ባለ 27 ኢንች ሞኒተር፤ የሱቁ ካሸር ደግሞ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ትንሽ አሮጌ ስክሪን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሄድ የዕቃዎቹን ዋጋ በእስክሪብቶ ጽፋ ስክሪኑ ጎን ለጥፋ አገኘኋት። "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት። "የኔ ዓይን መስሎኝ" አለችኝ።

ይህ መልስ ለቀናት አልለቀቀኝም።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም የ720ፒው ሕግ ራሱ ብዙም አልቆየም። መስከረም 2007 ላይ ሄይሎ 3 ወጣ፤ የማይክሮሶፍት ትልቁ ጌም። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ከጌሙ ላይ ምስል እየያዙ፣ የጠርዞችን ደረጃ አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ ጌሙ የሚሣለው በ1152 በ640 መሆኑን ደረሱበት። ይህ 737,280 ፒክሰል ነው፤ ከ720ፒ ልክ 80 በመቶ። ሠሪዎቹ ባንጂዎች አልካዱም፤ ለብርሃኑ ጥራት ሲሉ ምስሉን በሁለት ቋት እንደሚሥሉትና ያ ቦታ እንደሚፈጅ ገለጹ።

የኢንጂነር ደሜ ስለማያስችለኝ ሂሳቡን ራሴ ሠራሁት። የኤክስቦክስ 360 ግራፊክስ ቺፕ 10 ሜጋባይት ፈጣን ሜሞሪ አለው፤ ማለትም 10,485,760 ባይት። ሁለት የቀለም ቋትና አንድ የጥልቀት ቋት፣ እያንዳንዳቸው በፒክሰል 4 ባይት ቢይዙ፣ በፒክሰል 12 ባይት ነው። በ720ፒ 11,059,200 ባይት ይመጣል። አይገባም፤ ለትንሽ! በ1152 በ640 ግን 8,847,360 ባይት ነው፤ ይገባል። ይህን ወረቀት ላይ ስጨርስ የተሰማኝን ደስታ ለማን እነግራለሁ? የዚያ ጌም ጥራት የተወሰነው ሣጥኑ ላይ በተጻፈው ሳይሆን ሻንጣው ስንት ልብስ ይይዛል በሚለው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኮል ኦፍ ዱቲ 4 ደግሞ በሴኮንድ 60 ፍሬም ለማድረስ ሲል በ1024 በ600 ነበር የሚሣለው። ሚሊዮኖች ተጫወቱት፤ ልዩነቱን ያየው ጥቂት ነው።

ሶኒ በበኩሉ ፕሌይስቴሽን 3ን በ2005 ሲያሳይ 1080ፒ እና ሁለት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ብሎ ነበር። ኅዳር 2006 ላይ ሲወጣ ቀዳዳው አንድ ሆነ፤ እሺ። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ገመድ ግን ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ! ለ1080ፒ የተሠራ ማሽን፣ ከእናቴ ሪሲቨር ጋር አንድ ዓይነት ገመድ ይዞ ነው የተሸጠው። ቅድም ያልኩት የ720ፒና የ1080አይ ጋብቻም ዳፋው እዚህ ላይ መጣ። ቀደም ብለው ኤችዲ ቲቪ የገዙ አሜሪካውያን ብዙዎቹ ቲቪያቸው ከኤችዲ 1080አይን ብቻ ነው የሚቀበለው። ኤክስቦክስ 360 ምስሉን ቲቪው ወደሚፈልገው መጠን ራሱ ይቀይር ነበር። ፕሌይስቴሽን 3 ግን መጀመሪያ ላይ በ720ፒ የተሠራን ጌም ወደ 1080አይ አያሳድገውም፤ ቲቪው 720ፒ የማይቀበል ከሆነ ወደ 480ፒ ያወርደዋል። ከሰው ሁሉ ቀድመው ውድ ቲቪ የገዙት ሰዎች ከኤችዲ በታች የሆነ ምስል አዩ ማለት ነው።

በአንጻሩ ደስ የሚለኝ በ2008 በዚሁ ኮንሶል ላይ የወጣው ዋይፕአውት ኤችዲ ነው። በ1080ፒ፣ በሴኮንድ 60 ፍሬም። ትዕይንቱ ሲከብድበት የምስሉን ስፋት ብቻ ለቅጽበት ይቀንሳል፤ ሲቀለው ይመልሳል። ፍጥነቱ ስለሚያፍዝህ አትነቃበትም። ዛሬ ብዙ ጌሞች የሚያደርጉት ይህንን ነው።

ዊን መርሳት አይቻልም። ኔንቲዶ በ2006 ኤችዲ የሚባል ነገር የሌለው፣ ከ480ፒ የማያልፍ ኮንሶል ይዞ ወጣ፤ ተሳቀበት። ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፤ ሁለቱ የኤችዲ ተፎካካሪዎች እያንዳንዳቸው በ80ዎቹ ሚሊዮኖች ውስጥ ነው የቆሙት። እርግጥ ያሸነፈው በእጅ እንቅስቃሴ በሚሠራው ሪሞቱ ነው። ግን አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ዊ በየሰው ሳሎን የነበረውን ቲቪ እንዳለ ተቀበለው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ ያው ዘፈን ነው። በ2013 ኮል ኦፍ ዱቲ ጎስትስ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ 1080ፒ፣ በኤክስቦክስ ዋን ላይ 720ፒ ሆኖ ወጣና የሁለቱ ጎራ ደጋፊዎች ተባሉ። ከዚያ 4ኬ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ 2020 ላይ የፕሌይስቴሽን 5 ካርቶን ላይ 8ኬ ተጻፈ። ያ ምልክት ኋላ ላይ ከካርቶኑ ጠፍቷል። የሚገርመው 8ኬ የተጻፈበት ኮንሶል ብዙ የኮምፒውተር ሞኒተሮች የሚጠቀሙበትን 1440ፒ መደገፍ የጀመረው መስከረም 2022 ላይ ነው።

አሁን ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ያ ባለ 21 ኢንች ቲቪ ጀርባው ምን ይመስል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ። አቧራውን፣ የተላላጠውን ወረቀት፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀዩን ቀዳዳ። ከጎናቸው ሌላ ሦስት ቀዳዳ ነበር። ሁልጊዜ ባዶ ነበሩ፤ የሚገባባቸው ነገር አይተን አናውቅም። አንድ ጊዜ ቢጫውን ገመድ አረንጓዴው ውስጥ ከትቼ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ስቀናል። ያኔ ያሳቀን ነገር መልሱ ራሱ ነበር።

አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ። ኮምፖነንት። ኮንሶሉም ያንን ገመድ ይቀበላል፤ ሴቲንጉ ላይ ስሙን አንብቤ አልፌዋለሁ። ቲቪው ኤችዲ አይሆንም ነበር፣ 576 መስመሩ ያው ነው። ፊደሉም ትንሽ እንደሆነ ይቀራል። ግን ብርሃኑ ከቀለሙ ጋር ስለማይደባለቅ ጠርዙ አይቀልጥም፤ ውጤቱና የተጫዋቹ ስም ይነበብ ነበር።

ባለፈው ዓመት ባለቤቱን አገኘሁት። ዛሬ የሞባይል ዕቃ ይሸጣል፤ ሱቁ ከዚያች ቆርቆሮ ቤት ብዙም አትሰፋም። ቡና ጋበዘኝ። እየፈራሁ ነገርኩት፤ ገመዱን፣ ሦስቱን ቀዳዳ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን። ሲኒውን አስቀምጦ ሰማኝ።

"ገመዱ እዚህ አገር ይገኝ ነበር?"

"መርካቶ አይጠፋም ነበር።"

"ስንት?"

"ከኮንሶሉ ጋር ሲተያይ ምንም።"

ዝም አለ። ከጀርባው የተሰቀሉትን ቻርጀሮችና ገመዶች ዞር ብሎ አየና መሳቅ ጀመረ። ሲጨርስ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነስ አደረገ።

"ኢንጂነሩ፣ ይሄን ነገር እህቴ እንዳትሰማ።"